ለሕክምና ትምህርት ቤት ፈርሙ ተብለናል፤ ልፈርም ወይስ ልተው?

የቆላው መምህር

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምኖረው በአንድ የዞን ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም። ነገሩ የብዙ ከተማ ስለሆነ ስሟ አይጠቅማችሁም። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፦ እዚህ ባለው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይከፈትልን ብለን ለመንግሥት ፊርማ እናስገባ። በጀቱን መንግሥት ይመድባል፣ ሕዝቡም አቅሙ የፈቀደውን ያዋጣል ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱ አክስቴ ናት። አምና ክረምት ሆዷን አሟት ሌሊት ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪም ነበር። ወጣት ልጅ ነው፤ ትሑት። እስኪነጋ ከአጠገባችን አልጠፋም። «አንጀቷ ታጥፏል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ እዚህ ግን ቀዶ ሐኪም የለንም» አለን። ሪፈር ጻፈ። አምቡላንሱ ነዳጅ እስኪቀዳ ጠበቅን። ከዚያ አራት ሰዓት መንገድ። ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ የሐኪም እጥረት ለእኔ የሬዲዮ ወሬ አይደለም። ግን ያው ወጣት ሐኪም ያን ሌሊት አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። አብረውት ከተመረቁት ውስጥ ሥራ ያጡ አሉ። ዶክተር ተብለው ቤተሰብ ቤት የተቀመጡ። ሐኪም የለም እየተባለ ሐኪም ሥራ ከፈታ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚሞላው የቱን ቀዳዳ ነው?

የምታውቁ ንገሩኝ። ፊርማው እስከ አርብ ነው።

ሲ-ሁለት

መምህር፣ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ስሜ እንደሚለው ሲ-ሁለት ላይ፤ ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት ሁለተኛው ዓመት ነው። አትፈርም።

ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን አልጋ በአልጋ ስንዞር፣ መጥተህ ብታየን ይገባህ ነበር። አንድ አልጋ ዙሪያ ሃያ ምናምን ሆነን እንቆማለን። ከኋላ የቆመ ተማሪ የሚሰማው የሲኒየሩን (የሚያስተምረንን ስፔሻሊስት) ሳል ብቻ ነው። አንዲት የልብ ሕመም ያለባቸው እናት ተኝተው ነበር። ያንን የልብ ድምፅ ሁላችንም መስማት አለብን፤ ፈተና ላይ ይመጣል። ተራ ይዘን አዳመጥን። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ «ልጆቼ፣ እስካሁን አልተሰማችሁም?» አሉን። ሳቅን። ግን አፈርን።

ሕንፃ አያስተምርም። የሚያስተምረው ሲኒየርና በሽተኛ የተኛበት አልጋ ነው። ቀዶ ሐኪም የለንም ብለሃል። ታዲያ ቀዶ ሕክምናን ማን ሊያስተምራቸው ነው? ዩቲዩብ?

ዳኘው

ሲ-ሁለት፣ አንተ ገብተህ ስታበቃ በሩን መዝጋት ደስ አይልም።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ ጎንደር መጣ፤ ከዚያ ጅማ። ለረጅም ጊዜ ያለን እነዚህ ሦስት ብቻ ነበሩ። በዓመት ተደምሮ የሚገባው ተማሪ ጥቂት መቶ ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ! ቆይቶ እነ መቀሌ፣ ሐዋሳና ሐሮማያ ጀመሩ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በሚሌኒየሙ ማስተማር ጀመረ፤ ስሙ ላይ ሚሌኒየም የቀረው ከዚያ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ 13 በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ሌላ ዲግሪ ያላቸውን ወስደው ከተለመደው ባጠረ ጊዜ ሐኪም የሚያደርጉ ናቸው። የዓመቱ ቅበላ ከ3000 በላይ ደረሰ።

ያኔም «ጥራት ይወድቃል፣ መምህር የለም» የማይል አልነበረም። ግን የመምህሩን አክስት ያየው ትሑት ወጣት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ያ መስፋፋት ባይኖር ምናልባት እሱም እዚያ አይገኝም ነበር።

ፈርም ወንድሜ።

ሲ-ሁለት

ያ ወጣት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ቀዶውን ያልሠራው ለምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ጂፒ፣ ማለትም ጠቅላላ ሐኪም ስለሆነ ነው። ስፔሻሊስት የሚወጣው ከሬዚደንሲ፣ ሐኪም ከተመረቀ በኋላ ከሚወስደው የስፔሻሊስት ሥልጠና ነው። እነሱ የሚፈርሙት ለሬዚደንሲ አይደለም።

ስታዲየም

እኛ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል ተባለ፤ ተጨፈረ። አየር ማረፊያ ይመጣል ተባለ፤ ተጨፈረ። ሁለቱም አልመጡም። ለጭፈራው ግን አዋጥተናል።

እትዬ ጡረተኛዋ

ልጆቼ፣ ስለ ዶክተር ስትጨቃጨቁ አንድ ነገር ተረሳ።

እኔ ነርስ ነበርኩ። የተማርኩት ጎንደር ነው፤ በ1966፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል። ያኔ ኮሌጁ ዶክተር አያወጣም። ለምን እንደተከፈተ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ገብታ ሕዝብ ፈጀች። የሚደርስለት ባለሙያ አልነበረም። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ቆመ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ግቢ ውስጥ ይማሩ ነበር።

የማልረሳው ቲም ትሬኒንግ የምንለውን ነው። ሦስቱም ዓይነት ተማሪ አንድ ላይ ገጠር ከተማ ይላካል። ጤና መኮንኑ ያክማል። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነፍሰ ጡር አያለሁ። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያስከልላል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። የቁንጫውን ነገር ተዉት! እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳክከኛል። ግን ተመርቀን ስንመደብ ገጠሩ አዲስ አልሆነብንም። መብራት የለም ብሎ ያለቀሰ አላስታውስም፤ ተማሪ ሆነን አልቅሰን ጨርሰናል። በኋላ በደርግ ጊዜ ኮሌጁ ወደ ሐኪም ትምህርት ዞረ። የጤና መኮንን ትምህርት ለዓመታት ተቋረጠና ቆይቶ ተመለሰ።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ይከፈት አይከፈት ብዬ አይደለም። ማንን ነው የሚቀበሉት? የትስ ነው የሚያስተምሩት? የቆላ ልጅ ቆላ ከተማረ የመቆየቱ ነገር ይሻላል። የአዲስ አበባ ልጅ በዕጣ ቆላ ከደረሰው ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የሚከርመው።

የቆላው መምህር

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። የመጨረሻዋን ልብ ብያለሁ። ካስተማርኳቸው ውስጥ ሕክምና የገቡ አሉ። አንዳቸውም አልተመለሱም። እስካሁን እቀየማቸው ነበር። መመለሻ ነበራቸው ወይ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የበጀት ሰው

አልነበራቸውም፣ መምህር። ልንገርህ።

ሥራዬ ፋይናንስ ነው። ወረዳም ዞንም ሠርቻለሁ። ሕክምና አላውቅም። የሐኪም ደሞዝ ፔሮል ላይ ስፈርም ግን ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ጥያቄህ የሚመለሰው ሁለት ኪስ እንዳለ ስታውቅ ነው።

አንዱ ኪስ የፌዴራል ነው። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ነው። ሕንፃው፣ ላቦራቶሪው፣ የመምህሩ ደሞዝ፣ የተማሪው ምግብ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ሳይቀር በዚያ በኩል ይመጣል። ሌላው ኪስ የክልል ነው። ጤና ጣቢያውም፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉም፣ ጠቅላላ ሆስፒታሉም የሚቀጥረው ከክልል ወደ ታች በሚወርደው በጀት ነው። ወረዳ ላይ ስትደርስ ደግሞ ከበጀቱ አብዛኛው ደሞዝ ነው። መምህር አለ፣ የግብርና ባለሙያ አለ፣ ነርስ አለ። አንድ ሐኪም ለመጨመር ከእነዚህ ከማን ላይ እንደምቀንስ ስንት ቀን ካልኩሌተር ይዤ አድሬአለሁ።

የሚያስተምረው ኪስና የሚቀጥረው ኪስ አይተዋወቁም። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አንዱ በሺህ ሲያስመርቅ ሌላውን «ስንት የሥራ መደብ አለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ድሮ ጤና ሚኒስቴር ዕጣ ያወጣል፣ ይመድባል፤ ክልሉም እየተነጫነጨ ይቀበላል። ተመራቂው ሲበዛ «በጀት የለንም» ማለት ተጀመረ። ቀጥሎ ራሳችሁ ተወዳድራችሁ ተቀጠሩ ተባለ። ሐኪም ሥራ የፈታው በሽተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ መደብ ጠፍቶ ነው።

መደብ ራሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። መዋቅር ላይ የተጻፈ አለ፤ በጀት የተያዘለት አለ። የእናንተ ሆስፒታል ሄደህ መዋቅሩን አሳዩኝ በል። «ቀዶ ሐኪም» የሚል መስመር ታገኛለህ። በጀት ተይዞለታል ወይ ስትላቸው «ክፍት ነው» ይሉሃል። ክፍት ሲሉህ ወንበሩ ተቀማጭ እየጠበቀ እንዳይመስልህ። ወንበሩም አልተገዛም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶ ለጤና እንሰጣለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። እኔ የሰማሁት በሬዲዮ ነው። ወረዳ አልደረሰም።

የዶክተሯ እናት

የበጀት ሰው ያለው ሁሉ እኔ ቤት አለ።

ልጄ ዶክተር ናት። ሰባት ዓመት ጋውኗን እያጠብኩ አስተማርኳት። ተመረቀች፤ የብቃት ፈተናውን አለፈች፤ ፈቃዷን አወጣች። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆናት ቤት ውስጥ ናት። የሰፈሩ በሽተኛ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። ደም ግፊት ትለካለች፣ መድኃኒት አወሳሰድ ታስረዳለች። በነፃ ነው። ቡናውንም የማፈላው እኔ ነኝ። «ዶክተር ሥራ አልጀመረችም እንዴ?» ሲሉኝ «ለስፔሻሊስት እያጠናች ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ማስታወቂያ ወጣ ሲባል አውቶቡስ ተሳፍራ ትሄዳለች። ባለፈው የሄደችበት ቦታ ለሁለት ሰው ነበር ማስታወቂያው። የተሰለፈውን ዶክተር ብታዩ የምርቃት ቀን ይመስላችኋል። አሁን ጀርመንኛ ጀምራለች። ማታ ማታ ከክፍሏ ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ ከሰው ጋር የተጣላች መስሎኝ ነበር።

አዲስ ትምህርት ቤት ሲባል እኔ የሚታየኝ ወረፋው ላይ የሌላ እናት ልጅ ስትጨመር ነው። መምህር፣ እንደ ወንድሜ ይዤህ ነው የምናገረው። ሰው አስተምሮ መጣል ኃጢአት ነው።

ባለ ሀገሩ

ምን ዋጋ አለው? ቺካጎ ያሉት የኢትዮጵያ ዶክተሮች አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ። ለአሜሪካ ነው የምናስተምረው።

ዳላስ ያለው

ባለ ሀገሩ፣ ይህንን ስሰማ ስንት ዓመቴ! እኔ አሜሪካ ያለሁ ሐኪም ነኝ። ዝርዝሩን ያሳየኝ ሰው የለም። በየዓመቱ በሺህ በሚመረቅበት ዘመን ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም።

ስለ እኔ ልንገራችሁ። ለዶላር ነው የወጣኸው የሚሉኝን አልከራከርም፤ ዶላሩም አለበት። ግን የወሰንኩበትን ሌሊት አውቀዋለሁ። የሳንባ ምች ያለበት ሕፃን ነበር። ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ሲሊንደሩ ባዶ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሰው ስልኩ ዝግ ነው። ሰባት ዓመት ተምሬ፣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ገዝቼ ለአሜሪካው ፈተና ማጥናት ጀመርኩ።

እዚህም የሐኪም እጥረት አለ፤ ገጠሩ ላይ በተለይ። እና እዚህም ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል። ሬዚደንት የሚሠለጥንበትን ወጪ በብዛት የሚከፍለው ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮንግረስ በዚያ የሚከፈልለትን የሬዚደንት ቁጥር ጣራ አበጀለት። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ጣራው ግን ብዙም ንቅንቅ አላለም። ከዚህ አገር ሐኪም ከአራቱ አንዱ ውጭ የተማረ ነው፤ እንደ እኔ። ሀብታሙም አገር ትምህርት ቤቱን ከቀጣዩ ደረጃ ጋር ማገናኘት አቅቶታል።

ሲ-ሁለት ያለው ልክ ነው። መጀመሪያ ሬዚደንሲ።

ስታዲየም

ዶክተር፣ ታዲያ ሲሊንደር ይዘህ ና።

ዳላስ ያለው

ልኬ ነበር። መንገድ ላይ ሰባት ወር ቆየ። ሲደርስ ማያያዣው ከግድግዳው አልገጠመም። አሁን ሲሊንደሩ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። አላጣራሁም።

ከማላዊ መልስ

የቺካጎዋን ወሬ ማላዊዎችም አሏት። እነሱ ማንቸስተር ነው የሚሉት። ብላንታየር ስሠራ የታክሲ ሹፌር ሳይቀር ነግሮኛል።

ግን ማላዊ ለዚህ ክርክር ጥሩ ናት። እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የራሷ የሕክምና ኮሌጅ አልነበራትም። ልጆቿን ውጭ ልካ ነበር የምታስተምረው። ኮሌጁ ብላንታየር ላይ ተከፈተ። ጥሩ ኮሌጅ ነው። ሆኖም ከአሥር ዓመት በላይ አልፎም ሆስፒታሉ ባዶ ነበር። ነርሱም ሐኪሙም ይሄዳል፤ በኤችአይቪ የሞተውም ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በለጋሾች ድጋፍ የባለሙያውን ደሞዝ 52 በመቶ ከፍ አደረጉት። የማሠልጠኛ ቦታም አብረው አሰፉ። ነገሩ መሻሻል የጀመረው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሄዱ ነው።

የለጋሽ ገንዘብ ሲደርቅስ ብትሉኝ መልስ የለኝም። እሱን የበጀት ሰው ይመልስ።

የበጀት ሰው

ሲደርቅ ደብዳቤው ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ሰሜን ያለች

እኔ እስራኤል ነው ያለሁት፤ ሰሜን፣ ነርስ ነኝ። እዚህም «ዳር አገር» የሚሉት አለ። ሐኪሙ ሁሉ ቴል አቪቭ ይከማቻል፤ ገሊላ ይራቆታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባር-ኢላን ዩኒቨርሲቲ ጽፋት ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ከፈተ። መንግሥት የደገፈው ሰሜኑን ለማጠናከር ብሎ ነው።

ሰው የሚረሳው ግን በዚያው ዓመት የሆነውን ነው። ሐኪሞች ለወራት ሥራ እያቆሙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ስምምነት ተፈረመ። ወደ ዳር አገር ሄዶ ስፔሻላይዝ ለሚያደርግ ሐኪም በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ እንዲሰጠው ተስማሙ። ትምህርት ቤቱ ብቻውን አልመጣም። እንዲያም ሆኖ ከጽፋት ተምሮ ወደ መሀል አገር የሚሄድ አለ። ባል ወይ ሚስት ሥራ የሚያገኙት እዚያ ነዋ! ይህን ማንም በጀት ውስጥ አያስገባውም።

ሲ-ሁለት

እኛ አገርም እኮ ተጠይቋል። በ2011 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ውይይት ተደርጓል። በ2017 ግንቦት ባለሙያው ሥራ እስከማቆም ደርሷል፤ የታሰሩም ነበሩ። ሌሊት ዱቲ አድሮ ጠዋት ታክሲ የሚሳፈርበትን የሚቆጥር ሬዚደንት አብሮኝ አለ። እኔ ነገ የምሆነውን በእሱ ነው የማየው። እሱን እያየሁ ገጠር ሂድ ብትሉኝ እግሬ እሺ ይላል?

አስተባባሪ

ሁለት መልስ አጥፍቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ለየትኛው ብሔር ይገባል የሚለው ክርክር እዚህ ቤት አይገባም። በተነሣው ጉዳይ ቀጥሉ።

ቀዶ መኮንን

ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ ዱቲ ላይ ነበርኩ።

መምህር፣ የአክስትህን ታሪክ ሁለቴ አነበብኩት። ያንን ቀዶ እኔ እሠራዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ጤና መኮንን ነበርኩ። ከዚያ ሦስት ዓመት በማስተርስ የድንገተኛ ቀዶና የማዋለድ ቀዶ ሕክምና ተማርኩ። ሥልጠናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዓላማው አንድ ነው፦ ምጥ የጠናባት እናትና አንጀቱ የታጠፈ ገበሬ አራት ሰዓት መንገድ ላይ እንዳይሞቱ። የታጠፈ አንጀት፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ ሲ-ሴክሽን፤ የዕለት እንጀራችን ናቸው።

ግን ብቻዬን ምንም ነኝ። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ እፈልጋለሁ። ደም እፈልጋለሁ። ቢላዋውን የሚቀቅል ማሽንና ማሽኑን የሚያስነሳ መብራት እፈልጋለሁ። ጄኔሬተር ባልኩ ቁጥር ናፍጣ የሚሉኝ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል እኔም እንደዚያ ወጣት ሪፈር ጽፌ እቀመጣለሁ። ሪፈር ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ሂሳብ እንሥራ። ዘንድሮ የመሠረት ድንጋይ ይጣል እንበል። ግንባታው ቢፈጥን ሦስት ዓመት። ትምህርቱ ስድስት ሰባት ዓመት። ቀዶ ሐኪም ለመሆን ሌላ አራት አምስት ዓመት። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የእናንተ የመጀመሪያው ቀዶ ሐኪም ገና ሬዚደንት ነው። እሱም እናንተ ጋ ከተመለሰ።

እኔን ለማሠልጠን ሦስት ዓመት ነው የፈጀው። የእኛንም ሕመም ልናገር። ከዚህ በኋላ የማድግበት ደረጃ የለም። ሐኪሙ «መኮንን» ይለኛል፤ ጤና መኮንኑ «ዶክተር» ይለኛል፤ ሰው ኃይል አስተዳደር የት መስመር ላይ እንደሚጽፈኝ አያውቅም። ጥለው የሄዱ ጓደኞች አሉኝ።

እትዬ ጡረተኛዋ

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። እኛም ጊዜ እንደዚሁ ነበር። ጤና መኮንኖቹ ሁሉ ዶክተር ልሁን ብለው ነው የሚያረጁት።

ዳኘው

እሺ፣ ትንሽ ለስለስ ልበል። የቀዶ መኮንንን ሂሳብ አልከራከርም። ግን «ዘመኑ ይረዝማል» ተብሎ ከቀረ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላም ሌላ መምህር እዚህ መጥቶ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ሕዝቡም እየጨመረ ነው። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ነው የሚታቀደው። በዚህ ልክ ሐኪም የሞላላቸውን ስንት ታውቃላችሁ? የአሁኑ ሥራ ፈት ሐኪም የትርፍ ምልክት አይደለም። የበጀት ሰው ራሱ ነው ያለው። ስለዚህ ትምህርት ቤት አይከፈት ሳይሆን ሁለቱ ኪሶች ይተዋወቁ ነው ጥያቄው።

የበጀት ሰው

ዳኘው፣ በዚህ ከተስማማን ቅደም ተከተሉ ላይ እንጣላ።

እኔ ብሆን ፊርማው ላይ ትምህርት ቤቱን መጨረሻ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ሆስፒታሉ በጀት ያለው የቀዶ መደብና የማደንዘዣ መደብ ይኑረው። ደም፣ ኦክስጅንና መብራት ይሟላ። ከዚያ በቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሬዚደንቶቹን እየቀያየረ ለጥቂት ወራት ይላክላችሁ። ሬዚደንት ሲመጣ ሲኒየር ይከተላል፤ ባይከተልም ስልክ ያነሳል። ሆስፒታሉ እንዲህ ማስተማር ከለመደ ትምህርት ቤቱን በላዩ መትከል ይቻላል። ሕንፃ ከቀደመ ግን ሪባን ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ያለው በጀት ለአጥርና ለጥበቃ ይሆናል። አይቻለሁ።

ሌላም አለ። ሕዝቡ ያዋጣል ብለሃል። የሕዝብ መዋጮ ጡብ ይገዛል፤ ደሞዝ አይከፍልም። ሕንፃ አንድ ጊዜ ነው። ደሞዝ በየወሩ ነው፤ ሰኔ ላይም ነው፤ ጳጉሜን ብቻ ነው የሚያርፈው።

ስታዲየም

ጳጉሜን እኔንም ያሳርፈኛል።

የቆላው መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ አርብ ይዤ ሄድኩ።

ፈርሜአለሁ። ግን አባሪ ብዬ አንድ ገጽ ጨመርኩበት። ለሆስፒታሉ በጀት የተያዘለት የቀዶና የማደንዘዣ መደብ፤ የሬዚደንት ምልልስ፤ ከተከፈተም ቢያንስ የተወሰነው ተማሪ ከዚሁ አካባቢ እንዲሆንና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጣ። የመጨረሻዋ የእትዬ ናት። የመደቧን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከበጀት ሰው ገልብጫለሁ፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም።

ኮሚቴው ሦስት ደቂቃ ሰጠኝ። «ሁለት ኪስ» ስል አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ሰብሳቢው ግን «መምህር፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲነሣ ነገር አታብዛ» አሉኝ። አባሪውን ተቀበሉኝ፤ ዳሩ ላይ «ይታይ» ብለው ጻፉበት። ይታይ ምን ማለት እንደሆነ የበጀት ሰው ያውቃል። መዋጮዬንም ከፈልኩ። ደረሰኝ አለኝ።

ስወጣ የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ በር ላይ አገኘሁት። የጂፒ መደብ አለ ወይ አልኩት። አንድ ለቆ የሄደ አለ አለኝ። ያ ትሑቱ ልጅ ነው። ለዚያ ቦታ ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል አለ።

የዶክተሯ እናት

መምህር! ልጄ ትመጣለች በላቸው። ቆላም ቢሆን ትመጣለች። ወባም ቢኖር ትመጣለች። ማስታወቂያው የሚለጠፍበትን ቦታ ብቻ ንገረኝ።

የቆላው መምህር

እጠይቅልዎታለሁ እናቴ። አክስቴም ሰምታ «የማርያም ልጅ ትምጣ፣ እኔ ጋ ክፍል አለ» ብላለች። ዛሬ ማታ አልጋ ማጽዳት ጀምራለች።

የበጀት ሰው

መደቡ በጀት እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ። አልጋው አይቸኩልም።